ነዳጅ ትርፉን እንዳይበላው

የጣና ዓሣ አጥማጅ ድሮ የሚቀዝፈው የደንገል ታንኳ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የሞተር ጀልባ መጣ። መረብም ከዳር ርቆ ተጣለ። ሞተር ግን ነዳጅ ይጠጣል።

ታዲያ ምን ይበጃል? ቀስ ብላችሁ ንዱ። ፍጥነት ሲጨምር ውሃው ጀልባውን አብዝቶ ይይዛል፤ ነዳጁም ቶሎ ያልቃል። ትርፍ ዕቃ አትጫኑ። ከጀልባው ሆድ ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ ፋቁ።

ነዳጁን ሦስት ቦታ ክፈሉ፦ አንዱ መሄጃ፣ አንዱ መመለሻ፣ አንዱ መጠባበቂያ። 30 ሊትር ከያዛችሁ 10ሩ ሲያልቅ ተመለሱ። ማዕበል ቢነሣ መጠባበቂያው ነፍስ ያድናል።

አሁን መጻፍ ችላችኋል። እንግዲያው ደብተር ያዙ። ነዳጁ ስንት ሊትር ነው? ስንት ብር ፈጀ? ዓሣው ስንት ብር ተሸጠ? ጎን ለጎን ጻፉት። ሩቅ መሄዱ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል።