ያውቁ ኖሯል? ከሚሴና የአውራ ጎዳናው ጦርነት

ከሚሴ ዋና ከተማ የሆነችለት፣ በአማራ ክልል ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሁለት ታላላቅ አውራ ጎዳናዎችን እንደያዘ ያውቁ ኖሯል? አንዱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሰንበቴና በከሚሴ አልፎ ኮምቦልቻ ይገባል። ሌላው ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ባቲን አቋርጦ ሚሌ ይወርድና ከጅቡቲ መስመር ጋር ይገናኛል። ከሀገራችን የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ፣ ዓለም ስለ ኢትዮጵያ የተጨነቀው በእነዚህ ሁለት መንገዶች ምክንያት እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን በያዙበት ሰሞን፣ መንግሥት ሸኔ የሚለው የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ከሚሴን መያዙን አስታወቀ። በአንድ በኩል ወደ ሸዋ፣ በሌላ በኩል በባቲና በካሳጊታ አድርጎ ወደ ሚሌ መግፋት ተጀመረ። ሚሌ ተይዞ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ ነዳጇንና ስንዴዋን ከምታገኝበት ዋና መስመር ትቆረጥ ነበር። የአሜሪካ ኤምባሲ የግድ የማያስፈልጉ ሠራተኞቹ ከሀገር እንዲወጡ ያዘዘው በዚያው ሰሞን ነው። ሚሌ አልተያዘችም። ኅዳር ሳያልቅ ካሳጊታ፣ ባቲ፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻና ደሴ ተመልሰው በመንግሥት እጅ ገቡ። የዓለም ዜና አውታሮች ያን ጊዜ ጥያቄያቸው ሁሉ «አዲስ አበባ ትያዛለች ወይ?» የሚል ነበር። ግንባሩ በደጁ የመጣበት የባቲና የከሚሴ ነዋሪ ምን በልቶ እንዳደረ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያ ጦርነት መንግሥት የቱርክ፣ የቻይናና የኢራን ሥሪት ድሮኖችን ማሰማራቱን የውጭ ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል አስደግፈው ጽፈዋል። ከትግራይ እስከ ከሚሴ የተዘረጋ የስንቅና የጥይት መስመር ከሰማይ ለሚያይ ዓይን የተጋለጠ ነው። ኢትዮጵያና ቱርክ የወታደራዊ ትብብር ስምምነት የተፈራረሙት ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነበር።

በመላ ሀገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት የተፈረመውስ? ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ልክ በዓመቱ።

የአካባቢው ሥጋት ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ አልጀመረም። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በዞኑ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ በተነሣው ግጭት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል፤ የአጣዬ ከተማም በእሳት ወድማለች። አማራውም ኦሮሞውም ሟቹን ቀብሯል። ሚያዝያ 10 ቀን አካባቢው በኮማንድ ፖስት ሥር ሲውል ከመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች አንዱ በአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ መሣሪያ ይዞ መንቀሳቀስን መከልከል ነበር።

በፈረንጆቹ 2021 በኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት 5.1 ሚሊዮን መፈናቀሎች እንደተመዘገቡ ያውቁ ኖሯል? እስከዚያ ዓመት ድረስ በአንድ ሀገር በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል በግጭት የመጣ መፈናቀል ተመዝግቦ አያውቅም። የሀገር ውስጥ ተፈናቃዮችን የሚመለከተውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት ፓርላማችን ያጸደቀው ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ነው። ግዴታው ከመፈናቀሉ በፊት በወረቀት ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ፤ በወረቀት የቀረ ጥበቃን ደሴ ቀድማም አይታለች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ሆስፒታልም ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ከተማ ነበሩ። አቤቱታው ጄኔቭ ደረሰ፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ግን ወራሪውን አላስቆመም።

ወደ ከሚሴ ስንመለስ፣ ከከተማዋ አጠገብ የተዘረጋው የጨፋ ሜዳ በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት የሚገናኝበት የግጦሽ ቦታ ነው። ቆላው ሲደርቅ የቦርከና ወንዝ ረግረግ ለምለም ሆኖ ይቆያል፤ ከብቱና ግመሉም ወደዚያ ይነዳል። እርሻ እየገፋ ሣሩ ባነሰ ቁጥር ጠቡ ይበዛል። በዚያ ላይ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ቦርከና ይገባል። ጸጥታ ሲባል ወታደርና ኬላ ብቻ ለሚታየው ሰው ጨፋን ባሳየው ደስ ይለኛል።

አበጋርንስ ያውቁ ኖሯል? በወሎ አበጋር ማለት በዘር ሐረግ ሥልጣኑን የወረሰ አስታራቂ ነው። ሰው ተገድሎ እንደሆነ የገዳይ ወገን ለበቀል እንዳይጋለጥ ይሸሻል፣ ሽማግሌ ይልካል። አበጋሩ ሁለቱን ወገን ያስቀምጣል፤ ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል። ካሳው ይቆረጣል፣ መሐላው ይፈጸማል፣ ደሙ ይደርቃል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀርባል። ቃሉን የሚያፈርስ ሰው ከፖሊስ ይልቅ እርግማኑን ይፈራል።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ከልዩ ፍርድ ቤትና ከእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን ጎን ለባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችም ቦታ ሰጥቷል። እንግዲህ የከሚሴ፣ የአጣዬና የባቲ ጉዳይ በሚታይበት ቀን አበጋሮች ከመጀመሪያው አንሥቶ ሊጠሩ ይገባል፤ ፋይሉ አዲስ አበባ ላይ ከተዘጋ በኋላ እንዲመርቁ ብቻ መጥራት አይበቃም።