ከልብስ ማጠቢያው ወንዝ የተነሣ ምርምር

በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአንጋጫ ዙሪያ ልጁን ሁለተኛ ደረጃ ያደረሰ ገበሬ «ሕክምና ይማርልኝ» ሲል በዓይነ ሕሊናው የሚታየው ነጭ ካባ የለበሰ ሐኪም ነው። የበሽታን መነሻና መግቻ የሚያጠናው የሕክምና ተመራማሪ ሥራ ግን በየቀበሌው ብዙም አይታወቅም። ስለዚህ ሙያ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ለመግለጽ የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ይበቃል።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያ ትል በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውኃ ከወጣ በኋላ የሚታጠበውን ወይም ወንዝ የሚሻገረውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሞተ የበሽታው መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። ተመራማሪው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ እንድትጨምር ጠየቁ፤ ሞቱ። ያንን ወንዝ ስንቱ ሰው አይቶት አልፏል! ቆም ብሎ ምክንያቱን መጠየቅ ነው የሙያው ግማሽ።

ቀሪው ግማሽ ትዕግሥት ነው። በዓድዋ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ሆኖም ዓለም አቀፍ ድርጅቶች የመርዛማነት ምርመራ ውጤት ስለጠየቁና ለዚያ የሚበቃ ላቦራቶሪ በአገር ውስጥ ስላልነበረ ሥራው ለብዙ ዓመታት ተጓተተ። ይህ ለዚህ ጸሐፊ የሚቆጭ ነገር ነው።

ድካሙ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የእንዶድ ዝርያዎች መካከል «ዓይነት 44» የተባለውን ብርቱ ዝርያ መርጠው አወጡ። ሁለቱም በ1989 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ዶክተር አክሊሉ በ1997 እ.ኤ.አ. ቢያርፉም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ለዚህ ሙያ ልጁ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ መያዝ አለበት። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላም ትምህርቱ ረጅም ነው፤ ዶክተር አክሊሉ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት አሜሪካ ከሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ ለመነሻው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ያስተምራል።

በአጥሩ ሥር እንዶድ ያለው ገበሬ ይህን ይወቅ። ቀንድ አውጣን አጥብቆ የሚገድለው ሳይቀላ፣ በአረንጓዴነቱ ተለቅሞ የደረቀው ፍሬ ነው። ዓሣንም ስለሚገድል ከጤና ጣቢያና ከልማት ሠራተኛው ሳይመክሩ ወንዝ ውስጥ አይጨመርም፤ ለመድኃኒት ተብሎም አይጠጣም።