ከጥሉላትና ከጨው ለተከለከለ ገበታ የሚሆን የሰላጣ ማጣፈጫ

ሰው ከገበታው አንዳንዱን ምግብ እንዲተው የሚታዘዘው በሁለት ወገን ነው፤ በአንድ ወገን ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ለነፍሱ ረብሕ ሲል ሥጋን፣ ወተትን፣ ቅቤንና ዕንቁላልን በጾም ወራት ይከለክለዋል፣ በሌላው ወገን ደግሞ ሐኪሙ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ፣ ወይም የስኳር ሕማም አድሮበት፣ ወይም ኩላሊቱ ደክሞ ባየው ጊዜ ጨውን፣ ስኳርንና የእንስሳትን ስብ እንዲቀንስ ያዝዘዋል። የሁለቱ ትእዛዝ ምክንያት ልዩ ልዩ ቢሆንም የሚያስነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የተከለከለው ነገር ሲጎድል ገበታው ጣዕሙን ሳያጣ እንዴት ይሰናዳል የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሀገራችን የጾም ማእድ ቤት ከብዙ ዘመን ጀምሮ መልስ አለው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ የደነገጋቸውን አጽዋማት የሚጠብቅ ቤተ ሰብ፣ ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹንም ሲቈጥር የዓመቱን እኩሌታ ያህል ያለ ጥሉላት የሚያሳልፍ በመሆኑ፣ እናቶቻችን ከሱፍ፣ ከተልባ፣ ከሰናፍጭና ከሎሚ የወተትንና የቅቤን ቦታ የሚተካ ማጣፈጫ ማዘጋጀትን የዘወትር ተግባራቸው አድርገው ኖረዋል። ስለዚህ ሐኪም የከለከለው ሰው የታሸገውን ጠርሙስ ከሱቅ ከመግዛቱ አስቀድሞ ወደዚህ ማእድ ቤት ቢመለከት እጅግ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ፤ የጠርሙሱ ማጣፈጫ ብዙውን ጊዜ ጨውና ስኳር የበዛበት፣ የዕንቁላል አስኳል ወይም የወተት ዱቄት የገባበት ነውና ለጾመኛውም ለሕሙሙም አይመችም።

የሰላጣ ማጣፈጫ በባሕርዩ የዘይትና የኮምጣጣ ነገር ጥምረት ነው። በፈረንሣይ ወጥ ቤቶች የቆየው ልማድ ለአንድ እጅ አቼቶ ሦስት እጅ ዘይት ይመድባል። ዘይቱ ቅጠሉን ከማለስለሱና መዓዛን ከመሸከሙ ሌላ፣ በካሮትና በጎመን ውስጥ የሚገኘውን፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ የሚለወጠውን ካሮቲን አንጀት እንዲቀበለው የሚረዳ ስለ ሆነ፣ ስብ ቀንስ የተባለ ሰው ዘይትን ከሰላጣው ጨርሶ ቢያስወግድ አትክልቱ ሊሰጠው ከሚችለው ጥቅም ከፊሉን ያጣል፤ ይሁን እንጂ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል የሚሰጥ በመሆኑ በመጠን መሆን አለበት። ዘይትና ሎሚ ደግሞ አብረው ቢመቱም ወዲያው ስለሚለያዩ በመካከላቸው አስታራቂ ያሻቸዋል። በማዮኔዝ ውስጥ ይህን አገልግሎት የሚፈጽመው የዕንቁላል አስኳል ሲሆን፣ በጾም ማጣፈጫ ውስጥ ግን ሰናፍጭ ይፈጽመዋል፤ የፍሬው ቅርፊት ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር የዘይቱን ጥቃቅን ጠብታዎች ይዞ ቶሎ እንዳይለያዩ ያደርጋቸዋልና።

ስለ ሰናፍጭ ጥቂት ማስፋት ይገባል፣ ብዙ ሰው በአሠራሩ ላይ በመቸኮል ኃይሉን ሳያገኘው ይቀራልና። ደረቁ ፍሬ ሳይሰበር በአፍንጫ ቢሸተት ምንም አይቈነጥጥም፤ የሚያቃጥለው ነገር የሚወለደው ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲርስ፣ ማይሮሲኔዝ የተባለው ኢንዛይም ተለይቶት ይኖር ከነበረው ንጥረ ነገር ጋር ሲገናኝ ነው። የፈላ ውሃ ወይም ሎሚ ቀድሞ የፈሰሰበት እንደ ሆነ ግን ኢንዛይሙ ሥራውን መፈጸም ስለማይችል ሰናፍጩ መራራና ደካማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ ለውሶ፣ ክድን አድርጎ ዐሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ሎሚውንም ከዚያ በኋላ መጨመር ያስፈልጋል። አዚፋ የሚሠሩ ሴቶች የተቀቀለውን ምስር አቀዝቅዘው ሰናፍጭ የሚጨምሩበት ልማድ ከዚህ ባሕርይ ጋር የተስማማ ነው።

ለማጣፈጫው ውፍረትና ልስላሴ የሚሰጠው ሱፍ ነው። አንድ ስኒ ሱፍ ተለቅሞና ታጥቦ፣ ምጣድ ላይ ለብ ለብ እስኪል ብቻ ይታመሳል፤ እሳቱ ከበዛበት ይመርራልና እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከዚያም ተወቅጦ ገለባው በወንፊት ይወጣለትና በሁለት ስኒ ለብ ያለ ውሃ እየታሸ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠለላል። የሚወርደው ፈሳሽ ነጭ፣ ወፈር ያለና ወተት የሚመስል ነው፤ ስቡም አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ከሚባለው ወገን ሲሆን፣ ከዕፅ የተገኘ በመሆኑ ኮሌስትሮል የለበትም። በዚህ ላይ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተለወሰ ሰናፍጭ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ፍሬው ወጥቶ የደቀቀ ቃሪያ ሲጨመርበት፣ ለቲማቲምም ለጥቅል ጎመንም የሚስማማ ማጣፈጫ ይሆናል። የሱፉ ወተት ራሱ ስብ ስላለው የሚጨመረው ዘይት እጅግ ጥቂት ቢሆን ይበቃል፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚልቀው፣ ድንብላል ወይም አንድ ቅጠል ጤና አዳም ተጨምሮበት ከተቀቀለ ቀይ ሥር ጋር ሲቀርብ ነው።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ጨው አለመጠቀሱ ሆን ተብሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በእኛ ቤት ግን ጨው የሚገባው ከጨው ዕቃው ብቻ ስላይደለ፣ በርበሬውና ሚጥሚጣው ከጨው ጋር ተፈጭተው የሚቀመጡ ስለ ሆኑ፣ «እኔ ጨው አልጨመርሁም» እያለ አዋዜ በሰላጣው ላይ የሚያፈስ ሕሙም ሳያውቀው ትእዛዙን ያፈርሳል። የሎሚው ኮምጣጣነት፣ የሰናፍጩ ኃይልና የነጭ ሽንኩርቱ መዓዛ ምላስን ስለሚያነቃቁ የጨው እጦት ብዙም አይታወቅም። ኩላሊቱ የታመመ ሰው ግን የጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠውን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግዛ፤ ከነዚህ ምትኮች ብዙዎቹ ፖታሲየም ክሎራይድ ናቸው፣ የደከመ ኩላሊትም ፖታሲየምን ማስወጣት ያቅተዋል፣ በደም ውስጥ ሲከማች ደግሞ የልብን አመታት ያውካል።

ሱፍ ያላገኘ ሰው ተልባ ቆልቶና አልሞ በውሃ ቢበጠብጥ ውፍረቱን ያገኛል፤ ነገር ግን የተልባ ስብ ከተፈጨ በኋላ ቶሎ ስለሚበላሽ ለሳምንት የሚሆነውን ብቻ መፍጨት ይሻላል። ሰናፍጭና ሰሊጥ በአንዳንድ ሰው ላይ ብርቱ አለርጂ ስለሚያስነሡ እንግዳ የጠራ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። የሱፍ ወተትም በአንድ ቀን ውስጥ መቀየር ስለሚጀምር ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ይጠለል። ከሁሉ ይልቅ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው፣ ነጭ ሽንኩርትን በዘይት ነክሮ ከማቀዝቀዣ ውጪ የማኖር ልማድ ነው፤ አየር በማይደርስበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ሕማም የሚያመጣው ባክቴሪያ ሽታና ጣዕም ሳይለውጥ መርዙን ሊያፈራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ በአንድ ምግብ ቤት የበሉ ብዙ ሰዎች የታመሙት እንዲህ ባለው ነጭ ሽንኩርት ነበር። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱ ማጣፈጫው ከሚቀርብበት ሰዓት ቀደም ብሎ አይደቅ፤ የተረፈውም በማቀዝቀዣ ገብቶ በማግስቱ ይለቅ።