የጋይንቷ ቤተልሔም፣ ድጓ የሚመሰከርባት

በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ የጥንት ዕቃ ለማየት የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ የሚጠብቁትን ገበዝ ነው። ቁልፉ በእሳቸው እጅ ነው። የብራና መጽሐፉ፣ መስቀሉ፣ ከበሮና ጽናጽሉ፣ መኳንንት የሰጡት ካባ ሁሉ የሚቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው። ዓሣ በማስገር የሚኖር የባሕር ዳርቻ ከተማ ሙዚየም ቢከፍት መረቡንና ጀልባውን ይሰቅላል፤ ይህ ደጋ በእርሻና በዜማ የኖረ አገር ስለሆነ ዜማውን አቆየ። ለዚያ ደግሞ የጋይንቷን ቤተልሔም የሚቀድማት የለም።

እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩበት የነበረውን ወህኒ አምባን ፍለጋ በጌምድርን ሲዞር ቤተልሔም ደረሰ። ከውጭ ያየው እንደ ሌላው ሁሉ ክብ የሆነ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሲገባ ክቡ ቤት ሌላ ቤት አቅፎ ጠበቀው፤ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ፣ ደብረ ዳሞን የሚያስታውስ፣ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለዚህ ከጻፈ ወዲህ ውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት «ፓከንሃም ያገኛት» ይሏታል። የድጓ ተማሪ ግን ከየአገሩ በእግሩ ሲመላለስባት ኖሯል፤ ለእሱ ጠፍታበትም አታውቅ።

ድጓ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቅዱስ ያሬድ የዜማ ድርሰት ነው። ከመስከረም 1 ከዮሐንስ ጀምሮ በዓላቱንና ወቅቶቹን እየተከተለ ዓመቱን ይዞራል፤ ዜማውም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ነው። ከቃሉ አናት ላይ የተደረደሩት ደቃቅ ምልክቶች፣ ሊቃውንቱ እንደሚሉት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተሠሩ ናቸው። ምልክቱ ግን ለማያውቅ አይናገርም። ዜማውን ከየኔታ አፍ የሰማ ሰው እንዳይስት ያስታውሰዋል እንጂ ብቻውን አያስተምርም። ስለዚህ መጽሐፉ ቢኖርና መምህሩ ባይኖር የሚቀረው ግማሹ ነው።

ድጓው እንደየቦታው ይለያያል። ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት እየተባለ በየስሙ ይጠራል፤ አንዱ የሚያነሣውን ሌላው ይጥላል፣ አንዱ የሚያረዝመውን ሌላው ያሳጥራል። በስፋት የተያዘው የቤተልሔም ነው። ተማሪው በዐቢይ ጾም የሚዜመውን ጾመ ድጓ፣ ከዚያ ድጓውን በየአገሩ ለዓመታት ይማራል፣ የራሱንም ድጓ በብራና ይጽፋል። ከዚያ ለምስክር ወደ ቤተልሔም ይመጣል። እዚህ ዜማው ይሰማል፣ የጻፈው ይታረማል፣ የሳተበት ይፋቃል። የቤተልሔም ምስክር ያለው መምህር በየትም ደብር ቢሄድ ይከበራል። ጎረቤቷ ዙር አምባም ዝማሬ መዋሥዕት ለተባለው ሌላ የዜማ ትምህርት እንዲሁ ናት፤ አንድ ጋይንት ሁለት ማስመስከሪያ መያዙን ሳስብ ሌላው አገር ምን ይላል እላለሁ።

ገበዙ በር ላይ ቆመው እንግዳን ከየት መጣህ፣ ማን ላከህ ብለው ቢያጣሩ መከፋት አይገባም። ከዚህ አገር የሄደ ዕቃ የት እንደደረሰ ያውቃሉ። ጋፋት ላይ የተሠራው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በዚሁ በጋይንት ምድር ተጎትቶ ነው መቅደላ የደረሰው። ንጉሡ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው መጻሕፍትም እዚያው መቅደላ ነበሩ። አምባው በሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ጭኖ ወረደ፤ ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ፣ ዛሬም እዚያው ናቸው። ይህን የሰማ ካህን ቁልፉን አጥብቆ ቢይዝ ልክ ነው።

በእኔ ግምት ዕቃ ቤቱ የሚፈልገው ከእሳትና ከእርጥበት የሚጠበቅ ቤትና ጥሩ መደርደሪያ ነው። የመስታወት ሳጥን ግን ለድጓ አይሆንም፤ መታረሚያ መጽሐፍ በየጊዜው የሚገለጥ ነው። መሄድ የፈለገ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ጋይንት ይገባል፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ ጭቃው አያስኬድም። ጫማውን አውልቆ፣ ገበዙን ጠይቆ፣ ዕቃ ቤቱ ባይከፈትለት እንኳ ወደ ጉባኤ ቤቱ ይለፍ። ተማሪዎቹ ከጎጇቸው ወጥተው የኔታ ፊት ሲቀጽሉ ማንም አይከለክለውም።