ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ የሚቀረው፦ ለሰርቨር አስተዳደር የምስክር ወረቀት ፈተና ስለ መዘጋጀት

የኔትወርክ ሰርቨር አስተዳደር የሙያ ምስክር ወረቀቶች በፈተና አቀራረባቸው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ተፈታኙን በጥያቄ ይመዝናል። የሊኑክስ ፕሮፌሽናል ኢንስቲትዩት የመጀመሪያ ደረጃ ምስክር ወረቀት፣ እያንዳንዳቸው 60 ጥያቄዎች ያሏቸውንና 90 ደቂቃ የሚወስዱትን ሁለት ፈተናዎች ማለፍን ይጠይቃል። ሁለተኛው ወገን ተፈታኙን በሚሠራ ማሽን ፊት አስቀምጦ ሥራ ያዝዘዋል። የሬድ ሃት ኩባንያ የሥርዓት አስተዳዳሪነት ፈተና፣ በመለያ ቁጥሩ ኢኤክስ 200፣ የዚህ ወገን ዋና ተወካይ ነው። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ የለውም፤ ከ300 ነጥብ 210 ያገኘ ያልፋል። የሚፈቀደው ጊዜ በሥሪት 7 ሁለት ሰዓት ተኩል የነበረ ሲሆን በኋላ ወደ ሦስት ሰዓት ከፍ ብሏል።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ወገን ነው። በእንዲህ ያለ ፈተና የሚታረመው ተፈታኙ የጻፈው ትእዛዝ ሳይሆን ማሽኑ ጠፍቶ ከተነሣ በኋላ የሚገኝበት ሁኔታ ነው። በመሆኑም ትእዛዞችን በቃል በማጥናት ላይ የተመሠረተ ዝግጅት፣ ምንም ያህል ትጋት ቢታከልበት፣ ፈተናው የማይመዝነውን ነገር ሲያጠናክር ይውላል።

ጊዜያዊ ሁኔታና ቋሚ ሁኔታ

የፈተናው ይፋዊ የይዘት ዝርዝር የተሠራው ሁሉ ዳግም ከማስነሣት በኋላ ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት ጸንቶ መገኘት እንዳለበት ይደነግጋል። ድንጋጌው አጭር ቢሆንም የፈተናውን ባሕርይ የሚወስነው እርሱ ነው። በሊኑክስ ሥርዓት ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት እውነታዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንደኛው በአሁኑ ሰዓት በማስታወሻ ውስጥ የሚሠራው፣ ሁለተኛው በዲስክ ላይ ተጽፎ በሚቀጥለው ማስነሣት የሚነበበው። አንድን አገልግሎት በ«ስታርት» ትእዛዝ ማስጀመር የመጀመሪያውን ብቻ ይለውጣል፤ ሁለተኛውን የሚለውጠው «ኢኔብል» ነው። ፋየርዎል ላይ «ፐርማነንት» የሚለው አማራጭ ሳይታከል የተከፈተ ፖርት ለጊዜው ይከፈታል፤ ማሽኑ ሲነሣ ግን ተዘግቶ ይገኛል። አማራጩ ብቻውን ከተሰጠ ደግሞ ደንቡ በዲስክ ላይ ይጻፍና ፋየርዎሉ እስኪታደስ ድረስ ፖርቱ እንደተዘጋ ይቆያል። የዲስክ ክፋይን በ«ማውንት» ማያያዝ ለአሁን ነው፤ ለነገ የሚሆነው በ«ኤፍኤስታብ» ፋይል ውስጥ የሚጻፈው መስመር ነው።

ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ከሌሎቹ የከበደ መዘዝ አለው። በኤፍኤስታብ ውስጥ የክፋዩ መለያ ቁጥር አንድ ፊደል ከተሳሳተ ማሽኑ ሲነሣ በመደበኛ ሁኔታ አይከፈትም፤ በአስቸኳይ ጊዜ ሁነታ ላይ ቆሞ የዋናውን ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ በትክክል የተሠሩት ሌሎች ሥራዎች ሁሉ ከተዘጋ በር በስተኋላ ይቀራሉ። መከላከያው ግን ቀላል ነው፤ ማሽኑን ዳግም ከማስነሣት በፊት በፋይሉ የተጻፉትን ሁሉ እንዲያያይዝ ማዘዝና የስሕተት መልእክት መኖር አለመኖሩን ማየት ብቻ ነው።

የደኅንነት መለያዎችን የሚቆጣጠረው ኤስኢሊኑክስ የበለጠ ስውር ልዩነት ይዟል። የአንድን ፋይል መለያ በ«ሲኤችኮን» የለወጠ ሰው ማሽኑን ቢያስነሣ ለውጡ ስለማይጠፋ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ሆኖም ሥርዓቱ መለያዎችን ሁሉ እንደ አዲስ በሚሰጥበት ጊዜ ይህ ለውጥ ይጠፋል፤ ለዘለቄታው የሚቆየው በ«ሴማኔጅ» በፖሊሲው ውስጥ የተመዘገበው ብቻ ነው። መለያዎችን እንደ አዲስ ማሰጠት የተለመደ ተግባር ሆኖ የሚመጣው ደግሞ የተረሳ የይለፍ ቃል ለመለወጥ የማስነሣት ሂደቱ ሲቋረጥ ነው፤ ይህንን ሂደት አቋርጦ መግባት ራሱ ከፈተናው ይዘቶች አንዱ ነው። ሁለቱን ርእሶች በተለያዩ ምዕራፎች ያነበበ ተማሪ አንዱ የሌላውን ሥራ ሊያፈርስ እንደሚችል ላያስተውል ይችላል።

በአገራችን ያለ አስተዳዳሪ ይህንን ሁሉ የፈተና ወግ ብቻ አድርጎ ሊያየው አይችልም። የኤሌክትሪክ ኃይል ሌሊት ተቋርጦ ሲመለስ የትምህርት ክፍሉ ሰርቨር ራሱ ይነሣል፤ «ስታርት» ተደርጎ «ኢኔብል» ያልተደረገ አገልግሎት ግን አብሮት አይነሣም። ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፉን የመረጃ ቋት የሚፈልገው ተማሪ የሚያገኘው ባዶ ገጽ ነው።

አንድ ልምምድ በቅርበት

የአፓቼ ድረ ገጽ ሰርቨር ከፖርት 80 ይልቅ በ82 እንዲያዳምጥ ማድረግን እንውሰድ። የውቅር ፋይሉ ላይ ቁጥሩ ይለወጣል፤ አገልግሎቱ ግን ትእዛዙን የሰጠው ዋናው ተጠቃሚ ሆኖ ሳለ እንኳ «ፈቃድ ተነፍጓል» ብሎ አይነሣም። ያው ልምምድ በፖርት 81 ቢሞከር ያለ ችግር ይሠራል። ምክንያቱ ኤስኢሊኑክስ ለድረ ገጽ አገልግሎት አስቀድሞ በፈቀዳቸው ፖርቶች ዝርዝር ውስጥ 80፣ 81፣ 443 እና ሌሎች ጥቂት ቁጥሮች ሲኖሩ 82 አለመኖሩ ነው። ፖርቱ በዝርዝሩ ከተጨመረ በኋላ አገልግሎቱ ይነሣል፤ ከሌላ ማሽን ሲጠሩት ግን አሁንም መልስ አይገኝም፤ ፋየርዎሉ ገና አልተከፈተምና።

በቃል ያጠና ተፈታኝ ሦስቱንም ትእዛዞች ሊያውቅ ይችላል። የሚጎድለው ከየትኛው ቀጥሎ የትኛው እንደሚመጣ፣ እያንዳንዱ ሽፋን ሲከለክል ምልክቱ ምን እንደሆነ መለየት ነው። በማሽኑ ውስጥ የተነሣ ክልከላ አገልግሎቱ እንዳይጀምር ያደርጋል፤ በፋየርዎል የተነሣ ክልከላ አገልግሎቱ ጤናማ ሆኖ ሳለ ከውጭ እንዳይደረስበት ያደርጋል። ይህ ዕውቀት የሚገኘው ነገሩን ሆን ብሎ ደጋግሞ በማፍረስ ነው።

የማስታወስ ጥናቶች የሚሉት

ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አጫጭር ጽሑፎችን አንብበው ግማሾቹን እንደገና እንዲያነቡ፣ ግማሾቹን ያለ ጽሑፉ በትውስታ እንዲጽፉ አድርገዋል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በልጠው ተገኙ፤ 81 በመቶ በ75። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ በትውስታ የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። ጥናቱ የተደረገው በንባብ ጽሑፎች ላይ እንጂ በትእዛዝ መስመር ላይ ስላልሆነ ውጤቱን እንዳለ ወደ እኛ ርእስ ማዛወር ተገቢ አይደለም። ቢያንስ ግን አንድ የታወቀ ስሜት ለምን እንደሚያታልል ያስረዳል፤ የሥልጠና ቪዲዮ ያየ ሰው በዚያው ምሽት ሁሉን የቻለ ይመስለዋል።

በፈተናው ጊዜ ኢንተርኔትም ሆነ የግል ማስታወሻ አይፈቀድም። ከሥርዓቱ ጋር አብሮ የሚመጣው መመሪያ ግን ክፍት ነው፤ የሴማኔጅ የመመሪያ ገጽ በመጨረሻው ክፍል የተሟላ ምሳሌ ይዟል። ስለዚህ በቃል መያዝ ያለበት የትእዛዙ ሙሉ አጻጻፍ ሳይሆን በየትኛው ገጽ እንደሚገኝና በመመሪያዎቹ ውስጥ በቁልፍ ቃል እንዴት እንደሚፈለግ ነው።

ለመለማመጃ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚሸከም አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። ሮኪ ሊኑክስና አልማ ሊኑክስ ያለ ክፍያ ይገኛሉ፤ ሬድ ሃትም ለግለሰብ ገንቢዎች እስከ 16 ማሽን ድረስ ነጻ ፈቃድ ይሰጣል። የኢንተርኔት አገልግሎት አስተማማኝ ባልሆነበት ቦታ ሙሉውን የመጫኛ ዲስክ ምስል አንድ ጊዜ አውርዶ እንደ አካባቢያዊ የሶፍትዌር ማከማቻ መጠቀም ይቻላል፤ ማከማቻ ማዋቀር ራሱ የፈተናው ይዘት በመሆኑ ችግሩ ልምምድ ሆኖ ያርፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚመከረው ግን ከሥራው በፊት ማረጋገጫውን መጻፍ ነው፤ «ከተነሣ በኋላ ምን ባይ ሥራው ተሠርቷል እላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆን አጭር ስክሪፕት አዘጋጅቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ማሽኑን አስነሥቶ፣ ስክሪፕቱን ማስኬድ። ከዚያም ማሽኑን ወደ ንጹሑ ቅጂ መልሶ በማግስቱ እንደገና መጀመር።

የፈተና ጥያቄዎች ተሰርቀው የሚሸጡባቸው ስብስቦች ጉዳይ አጭር ቃል ይበቃዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የማይክሮሶፍት የምርጫ ፈተናዎችን በእንዲህ ያለ መንገድ ያለፉ ሰዎች በበዙ ጊዜ «የወረቀት መሐንዲስ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ስሙ ሠርተው ያለፉትንም አብሮ ጎዳ። ተፈታኙ የፈተናውን ይዘት ላለማውጣት ይስማማልና ስብስቡ ውል የፈረሰበት ዕቃ ነው። በአፈጻጸም ፈተና ደግሞ ጥቅሙም ያንሳል፤ ጥያቄውን አስቀድሞ ማወቅ በኤፍኤስታብ ውስጥ የተሳሳተችውን ፊደል አያርምም።

የፈተናው ወሰንም መታወቅ አለበት። በጥቂት ሰዓት ውስጥ በባዶ ማሽን ላይ የሚደረግ ምዘና ከመጠባበቂያ ቅጂ ውሂብን መልሶ ማግኘትን፣ የብዙ ተጠቃሚዎችን ጫና መሸከምን፣ ለተተኪ የሚሆን ሰነድ መጻፍን አያሳይም። ሰርቨሩን የሚረከብ ሰው የሚመርጥ የትምህርት ክፍል ምስክር ወረቀቱን ከተመለከተ በኋላ እነዚህን ሦስቱን ለብቻቸው ሊጠይቅ ይገባል፤ በተለይም የመጀመሪያውን፣ በቃል ሳይሆን አንድ የጠፋ ማውጫ በፊቱ እንዲመልስ በማድረግ።