ብርሃን እንደ ቴርሞሜትር፦ ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ስስ ቁሶች እንዴት ይመረመራሉ?

በዳሪሙም ሆነ በመቱ ዙሪያ ባሉት የኢሉባቦር ከተሞች እንጀራ ከሚጋገርበትና ቡና ከሚቆላበት የማገዶ እሳት ሙቀት አብዛኛው ምጣዱን ሳያገኝ በጎንና በጭስ ይባክናል። ከመኪና ጭስ ማውጫ፣ ከጄኔሬተርና ከፋብሪካ ምድጃ የሚወጣው ሙቀት ዕጣም ከዚህ አይለይም። ይህን ሙቀት ያለ እንፋሎትና ያለ ተሽከርካሪ ሞተር በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ቁሶች አሉ፤ ቴርሞኤሌክትሪክ ይባላሉ። መነሻው ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ያስተዋለው ክስተት ነው፦ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጫፍ ለጫፍ ተገጥመው አንደኛው መጋጠሚያ ሲሞቅ በብረቶቹ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ አጠገባቸው ያለውን የኮምፓስ ቀስትም ያዞራል። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጠቁት ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ከፀሐይ እጅግ ርቀው ለአሥርት ዓመታት የሠሩት የፕሉቶኒየም ሙቀት በዚሁ መንገድ ወደ ኤሌክትሪክ እየተለወጠላቸው ነው።

ቴክኖሎጂው ይህን ያህል ዕድሜ ካለው ለምን በየቤቱ አልገባም? ምክንያቱ የቁሶቹ ጠባይ ነው። ጥሩ ቴርሞኤሌክትሪክ ቁስ ሦስት ነገሮችን አጣምሮ መያዝ አለበት፦ በትንሽ የሙቀት ልዩነት ከፍ ያለ ቮልቴጅ መስጠት፣ ኤሌክትሪክን በደንብ ማስተላለፍ፣ ሙቀትን ግን አለማስተላለፍ። ሙቀቱ በቀላሉ ካለፈ ሁለቱ ጫፎች እኩል ይሞቁና ልዩነቱ ይጠፋል። ችግሩ ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ ብረት ብዙውን ጊዜ ሙቀትንም በደንብ ማስተላለፉ ነው። በዚህ የተነሳ እንደ ቢስሙዝ ቴሉራይድ ያሉት በገበያ የሚገኙ ቁሶች ከሚቀበሉት ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ከአሥር በመቶ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሂክስና ሚልድረድ ድሬስልሃውስ ቁሱ ጥቂት አቶሞች እስኪቀሩት ድረስ ቢሳሳ ይህ ቁርኝት ሊላላ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የማንቸስተር ተመራማሪዎች አንድ አቶም ውፍረት ያለውን የካርቦን ንብርብር፣ ግራፊንን፣ ለይተው ሲያወጡ ደግሞ እጅግ ስስ የሆነ ቁስ በእጅ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ በልኬት ላይ የተመሠረተ ነው። የዚህን ዘርፍ እርምጃ የሚወስነው አዲስ ቁስ ማግኘት ብቻ ሳይሆን የተገኘውን በትክክል መለካት ነው ብዬ አምናለሁ። ውፍረቱ ከአንድ ናኖሜትር በታች በሆነ ንብርብር ላይ ተራ ቴርሞሜትር ማሳረፍ አንዲትን የቡና ፍሬ በኩንታል ሚዛን እንደመመዘን ነው፤ መለኪያው ራሱ ሙቀቱን ይወስድና ውጤቱን ያዛባል። መፍትሔው ከብርሃን መጣ። ሕንዳዊው ቻንድራሴካራ ቬንካታ ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳሳየው፣ በቁስ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን እጅግ ጥቂቱ ቀለሙን ለውጦ ይመለሳል። ለውጡ የአቶሞቹን ንዝረት ይናገራል፤ ንዝረቱም ቁሱ ሲሞቅ ጥቂት ይላላል። እንግዲህ ተመራማሪው መጀመሪያ ቁሱን በታወቀ ሙቀት እያሞቀ የተመለሰው ብርሃን ምልክት በእያንዳንዱ ዲግሪ ስንት እንደሚንሸራተት ይመዘግባል። ቀጥሎ በጠባብ ቦይ ላይ በአየር የተዘረጋውን ንብርብር መሐሉን በሌዘር እያሞቀ የሌዘሩን ኃይል ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ከተንሸራተተው መጠን የመሐሉን ሙቀት ያውቃል፤ ከገባው ኃይልና ከንብርብሩ ቅርጽ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ጠርዝ የሚሸሽበትን ፍጥነት ያሰላል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሌክሳንደር ባላንዲንና ባልደረቦቹ የግራፊንን ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ለመጀመሪያ ጊዜ የለኩት በዚህ ዘዴ ነው፤ ያገኙት ቁጥር ከመዳብ ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። ይህም ግራፊን ብቻውን ጥሩ ቴርሞኤሌክትሪክ እንደማይሆን ይጠቁማል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2014 በተመሳሳይ ዘዴ የተለካው፣ ባለ አንድ ንብርብር ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተባለው ሌላ ስስ ቁስ፣ የግራፊንን መቶኛ እጅ እንኳ የማይሞላ ቁጥር ሰጥቷል።

ዘዴውን የሚጠራጠሩ ሰዎች ጥያቄ ከባድ ነው፤ በደንብም መደመጥ አለበት። ስሌቱ ንብርብሩ ከሌዘሩ ምን ያህሉን እንደሚውጥ ማወቅን ይጠይቃል። የግራፊን ንብርብር ከሚያልፍበት ብርሃን የሚውጠው 2.3 በመቶ ያህል ነው የሚለውን የወሰዱ ሌሎች ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው እጅግ ዝቅ ያለ ቁጥር አግኝተዋል። ንብርብሩ ሲወጠርም ምልክቱ ይንሸራተታል፤ መወጠርን ከመሞቅ ያልለየ ሰው ይሳሳታል። ከዚህም በላይ ብርሃኑ ከሦስቱ ጠባዮች በቀጥታ የሚለካው የሙቀቱን ብቻ ነው፤ ቮልቴጁንና የኤሌክትሪክ ፍሰቱን ለማወቅ ጥቃቅን የብረት ሽቦዎች መግጠም ግድ ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ ዘዴውን አይጥለውም፤ በጥንቃቄ እንዲሠራበት ያስገድዳል እንጂ። የተዋጠውን ብርሃን ራሱን ለክቶ መነሣት ይቻላል። ያው ብርሃን የንብርብሩን ብዛትም ይቆጥራል፦ በሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ሁለቱ ዋና ምልክቶች የሚራራቁበት ልክ አንድ ንብርብርን ከብዙ ንብርብር ይለያል። ቁሱን ሳይቆርጥ፣ ሳይነካ ይህን ሁሉ የሚናገር ሌላ መሣሪያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከኢሉባቦር የሚነሣው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው፦ 5 ሜጋዋት አቅም ያለው የሶር የውኃ ኃይል ማመንጫና የፀሐይ ፓነል እያሉ እንዲህ ያለ ምርምር ምን ይፈይዳል? ለመብራት ብቻ ከሆነ ውኃውና ፀሐዩ ይበልጣሉ፤ ቴርሞኤሌክትሪክ እነርሱን ሊተካ አይችልም። ቦታው የባከነ ሙቀት ባለበትና ትንሽ ኃይል በሚበቃበት ሥራ ላይ ነው። ምርምሩ ለአገራችን ባዕድ ነው ማለት ግን አይቻልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስን ያስተማሩት ሙሉጌታ በቀለ ከመስፍን አስፋው ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በጥቃቅን ቅንጣቶች ደረጃ ሙቀት እንዴት ወደ ሥራ እንደሚለወጥ በስሌት መርምረዋል። ስሌቱ በእኛው ሰዎች እጅ ተሠርቷል፤ የሚቀረው የልኬቱ ክንድ ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2011 እንደተመሠረተው እንደ መቱ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተቋም ወደዚህ ሳይንስ የሚገባበትን በር ሲመርጥ፣ ውድ የሆነውን የናኖ ማምረቻ ክፍል ከመመኘት ይልቅ ይህን የብርሃን ልኬት የሚሠራውን የራማን መሣሪያ ማስቀደም አለበት። መሣሪያው ስስ ቁስ ብቻ አይመረምርም። የአረቢካን ቡና ከሮቡስታ ለመለየት፣ በማር ላይ የተቀላቀለን ስኳር ለማጋለጥ፣ የሐሰት መድኃኒትን ለመያዝ በዓለም ላይ ይሠራበታል፤ ቡናና የጫካ ማር ደግሞ የኢሉባቦር ሀብት ናቸው። ተማሪው ጠዋት የገበሬውን ማር የመረመረበትን ሌዘር ከሰዓት በኋላ በአቶም ንብርብር ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። የዩኒቨርሲቲ በጀት የሚያጸድቁና የምርምር አቅጣጫ የሚወስኑ ሁሉ ይህን መሣሪያና የሚሠራበትን ባለሙያ በአንድነት ያስቡበት፤ ያለ ባለሙያው መሣሪያው ሳጥን ውስጥ ይቀራል።