ጓይ ትል መድኃኒት የሚለምደው እንዴት ነው?

በሮብ ገበያና በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ ጓይ ትልን ያውቀዋል። ሌሊት የምትበር የእሳት ራት በቅጠሉና በአበባው ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈለውም ትል እሸቱን በስቶ ፍሬውን ይበላል።

የተረጨው ትል ሳይሞት ሲቀር «መድኃኒቱ ደከመ» ይባላል። መድኃኒቱ የተበላሸ ወይም የቀጠነ ካልሆነ ግን የተለወጠው ትሉ ነው። ከብዙ ትሎች መካከል ጥቂቶቹ መርዙን በሰውነታቸው የማፍረስ ኃይል ይዘው ይፈለፈላሉ። ርጭቱ ሌሎቹን ሲገድል እነዚህ ይተርፋሉ፤ እርስ በርሳቸውም ተዳቅለው ኃይላቸውን ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። አንዲት እናት ከ1000 በላይ እንቁላል ልትጥል ስለምትችል ዘራቸው ፈጥኖ ይበዛል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1983 በአውስትራሊያ፣ ኢመራልድ በሚባል የጥጥ አካባቢ፣ ጓይ ትል ፓይሬትሮይድ የተባሉትን መድኃኒቶች ተቋቋመ። በዚያው ጥጥ ላይ የሚኖረው፣ በመልኩ የሚመስለው የቅርብ ዘመዱ ግን በአብዛኛው በመድኃኒቱ መሞቱን ቀጠለ። ይህ ዘመዱ መድኃኒት በማይነካው የዱር ተክል ላይ በብዛት ይራባል፤ ከሩቅ እየበረረ ሲመጣም ከተረፉት ጋር ተዳቅሎ ኃይላቸውን ያሳሳል። ጓይ ትል ግን በእርሻው አካባቢ ተወስኖ በየትውልዱ ይረጭበታል።

ስለዚህ ገበሬው የሚከተለውን ያድርግ፤

1ኛ/ ሽምብራው ማበብ ሲጀምር ማሳውን ደጋግሞ ይመልከት። ትል ካልታየ አይርጭ።

2ኛ/ መርጨት ካስፈለገ ትሉ ገና ትንሽ ሳለ፣ እሸቱ ውስጥ ሳይገባ፣ በተጻፈው መጠን ይርጭ። አያሳንስም፣ አይጨምርም።

3ኛ/ ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ሳይፐርሜትሪንና ዴልታሜትሪን ስማቸው ቢለያይም ወገናቸው አንድ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መዛወር መድኃኒት መለወጥ አይደለም፤ የሌላ ወገን መድኃኒት ይጠይቅ።

4ኛ/ አዝመራው እንደተነሣ ማሳውን ይረስ፤ በአፈር ውስጥ የተኛው ሙሽሬ ለፀሐይና ለወፍ ይጋለጣል።

የልማት ሠራተኞችም፣ በደንብ ተረጭቶ ትንንሹ ትል ካልሞተ ያንኑ መድኃኒት አያስደግሙ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን ጽፈው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያስታውቁ። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው፣ በቆሎ የሚያጠፋው መጤ ተምችም ከጓይ ትል ጋር ከአንድ ቤተ ሰብ ነው፤ በትውልድ ስፍራው በአሜሪካ አህጉር ብዙ ዓይነት መድኃኒት ተቋቁሟልና ጥንቃቄው ለእርሱም ያስፈልጋል።